ተቀምጦ የሚከበር አባት

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ጠዋት ጠዋት የሚሠራው ሥራ ዳቦ መግዛትና ያስተማራቸውን ልጆች መልክ ከስማቸው ጋር ማገናኘት ነው። ዳቦው አያስቸግርም። ያን ዕለት ዳቦዬን በብብቴ ይዤ ስመለስ፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ አንዲት ወጣት ጆንያ መሬት አስቀምጣ እጇን ስታሻሽ አየሁ። ቀና ስትል ለየኋት። የሰፈራችን አናጢ ልጅ ናት። ሰባተኛ ክፍል ሳስተምራት «ለምን?» የሚለው ቃል ከአፏ የማይጠፋ፣ ደወል ተደውሎም የማትለቀኝ ልጅ ነበረች።

«መምህር! እንደምን አደሩ?» ብላ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ይመስገን። መቼ መጣሽ? ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ሆናለች ሲሉ ሰምቼ ኮርቻለሁ።»

«ትናንት ገባሁ። የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ።»

ሽማግሌ ብሆንም ወንድነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ «ወዲህ በይ» አልኩና ጆንያውን ጨበጥኩ። ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ስሞክር ወገቤ ቀጭ አለ። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ብታጭቂበት ነው? ድንጋይ ነው?»

«አሸዋ ነው መምህር። በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች የሞላሁት አሸዋ። ለአያቴ ነው።»

«ጋሽ ውሃልክ በዚህ ዕድሜያቸው ቤት ሊሠሩ ነው?»

ጋሽ ውሃልክ የምንላቸው እንጨት ሲሠሩ ስልሳ ዓመት ኖረው አንድም የዘመመ በር ስላላስረከቡ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሲጢጥ ሳይል የሚዘጋ በር ካያችሁ የሳቸው እጅ ነው።

«ሊያነሱት ነው» አለች። «ጡንቻቸው እንዲጠነክር። የመርሳት በሽታ እንደጀመራቸው ሰምተዋል አይደል?»

ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ገና ጅማሬው ነው ማለቱንም ሰምቻለሁ። ነገር ግን የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም የሚረሳ፣ አሸዋ ሊያነሳ! በልቤ «ይህቺን ልጅ ትምህርቱ ናላዋን አዙሮታል» አልኩ። እሷ ግን ፊቴን አንብባ ኖሮ፣ «አባቴ እኔን አይሰማኝም፤ እርስዎን ግን ያከብራል። እባክዎ አብረውኝ ይምጡ» ብላ ለመነችኝ።

«ልመጣ እችላለሁ» አልኳት። «ላግዝሽ ይሁን ላስጥልሽ ግን ገና አልወሰንኩም።»

ጆንያውን በሁለት ጫፍ ይዘን ሄድን። መንገድ ላይ አራት ጊዜ አረፍን፤ አራቱንም ጊዜ ያረፍነው በእኔ ጥያቄ ነው።

ቤታቸው ከፊቱ የአናጢነት ሥራ ቤት፣ ከኋላው መኖሪያ ነው። በሰጋቱራውና በቆሙት ጣውላዎች መካከል አልፈን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መተላለፊያ ገብተን ጋሽ ውሃልክ ካሉበት ክፍል ደረስን። እዚያ ነው እንግዲህ ያ ዝነኛ ወንበር ያለው። ልጃቸው፣ ማለትም የልጅቷ አባት፣ ሦስት ወር ደክሞ ለአባቱ የሠራው ነው። እንጨቱ የተመረጠ፣ ስፖንጁ የአንድ ክንድ ውፍረት ያለው፣ መደገፊያው ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣ መቀመጫው ዝቅና ጠለቅ ያለ። ያለቀ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ አይቶታል። እኔም «ልጅ ከተወለደ እንዲህ ነው» ብዬ መርቄዋለሁ።

ጋሽ ውሃልክ እዚያ ውስጥ ሰጥመው ጉልበታቸው ከወገባቸው በላይ ሆኖ ነበር። እንዲያ ያለ ግዙፍ ሰው ልጅ አክሎ ታየኝ።

«መምህር፣ ዳቦ ገዙ?» አሉኝ።

«ገዛሁ ጋሼ።»

ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው «መምህር፣ ዳቦ ገዙ?» አሉኝ። ገዛሁ አልኳቸው። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ሦስተኛም ጠየቁኝ፤ ሦስተኛም መለስኩ። ከሥራ ቤቱ ተከትሎን የገባው ልጃቸው አናጢው በየመልሴ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ወዲያው ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ልጃቸው ሰጋቱራውን ከልብሱ አራግፎ ጎንበስ አለና፣ አንድ እጁን ከጉልበታቸው ሥር፣ አንዱን ከጀርባቸው አግብቶ እንደ ሕፃን አቀፋቸው። ወደ ሽንት ቤት ነው። በአጠገቤ ሲያልፉ ጋሽ ውሃልክ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተመልሰው ሲቀመጡም ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ልጃቸው ግን የሥራውን ላብ ሲጠርግ ስለነበር አላየም።

ልጅቷ አየች።

«አባዬ» አለችው፣ «አባባን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትሸከማቸው?»

«ስድስትም ሰባትም ጊዜ ይሆናል። ምነው? ደከመኝ አልኩሽ?»

«አላልከኝም። እሳቸውስ ምን ይሉሃል?»

«ምን ይላሉ? ይመርቁኛል።»

«እኔ ግን የበረቱ ሆነው ማየት እፈልጋለሁ። አሸዋ ያመጣሁት ለዚህ ነው። ክብደት እንዲያነሱ፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ እንዲሉ። ሐኪማቸውን አነጋግሬዋለሁ፤ ልባቸውንም ግፊታቸውንም መርምሮ በልክ ከሆነ ይችላሉ ብሏል።»

አናጢው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲከፋው ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

«ስሚኝ ልጄ። አባቴ ከአሥራ አንድ ዓመታቸው ጀምረው ቆመው የሠሩ ሰው ናቸው። አምስታችንን ቆመው ነው ያሳደጉን። በልጅነቴ ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም፤ መላጊያውን በአንድ እጅ፣ ዳቦውን በአንድ እጅ ይዘው ነበር። ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ። ክንዴ ሲጠና አስቀምጣቸዋለሁ አልኩ። ይኸው አስቀመጥኳቸው። ዕቃ አያነሱም፤ ጫማቸውን የማስረው እኔ ነኝ፤ ውሃውን ከአፋቸው የማደርሰው እኔ ነኝ። ይህ ጥፋት ነው?»

«ጥፋት አይደለም አባዬ፤ ፍቅር ነው። ጡንቻ ግን ካልሠራ ይሟሽሻል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ዓመት አይፈጅበትም፣ ሳምንታት ይበቁታል።»

«ይሟሽሽ! ምን ሊሠሩበት ነው? የምሸከማቸው እኔ አለሁ። ደግሞስ የታመመው ጭንቅላታቸው ነው። እግራቸው ምን አጠፋ ብለሽ ነው ክብደት የምትጭኚበት?»

እውነቱን ልናገር፣ ጥያቄው ደስ አለኝ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዳቆምኳት ተማሪ አየኋት።

«አእምሮ ለብቻው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም» አለች። «ደም የሚደርሰው ከዚሁ ሰውነት ነው። ጡንቻ ከበድ ያለ ነገር ሲያነሳ ደም በደንብ ይዘዋወራል፣ የደም ስኳር ይስተካከላል፣ እንቅልፍም ይሻሻላል። ጡንቻው ራሱ ለአእምሮ የሚጠቅም ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። መርሳት የጀመራቸውን አረጋውያን በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት እያስነሱ ለወራት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። የማስታወስ ፈተናቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ለማስታወስ የሚረዳው የአእምሯቸው ክፍልም ካልሠሩት ሰዎች ባነሰ መጠን ነው የሟሸሸው።»

የአናጢው ፊት ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ፣ «ይድናሉ ማለትሽ ነው?» አለ። ድምፁ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ሆነ።

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። እሷ ግን የአባቷን እጅ ያዘች።

«አይድኑም አባዬ። አልዋሽህም። ጥናቶቹም በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ሁሉንም ሰው እኩል ይረዳል የሚል የለም። በሽታው ይቀጥላል። ምናልባት ቀስ ይላል።»

«ምናልባት!» እጁን ከእጇ አወጣ። «ለምናልባት ብዬ አባቴን ላሠቃይ? ጎረቤትስ ምን ይለኛል? በእርጅናቸው የጉልበት ሥራ አስገባቸው አይለኝም? መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ እንጂ!»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሽ ውሃልክ «ስለ ማን ነው የምታወሩት?» አሉ።

ሦስታችንም ደነገጥን። ሰውዬው እዚያው መካከላችን ተቀምጠው ሳሉ እንደሌሉ አድርገን ስናወራባቸው ነበር።

«ስለ እርስዎ ነው አባባ» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ለምን እኔን አትጠይቁኝም?»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ዓይን ዓይናቸውን እያየች «አባባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አለቻቸው። የወንበሩን እንጨት በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ጥያቄውን ረስተውታል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

«ሽንት ቤት ብቻዬን መሄድ» አሉ።

አናጢው በጥፊ የተመታ መሰለ። «እኔ እኮ አለሁ አባባ» አለ።

«እስቲ ለመነሳት ይሞክሩ» አለቻቸው የልጅ ልጃቸው።

ጋሽ ውሃልክ መደገፊያውን ጨብጠው ገፉ። ትንሽ ከፍ ብለው ተመልሰው ሰመጡ። ደግመው ገፉ። በሦስተኛው ክንዳቸው ከዳቸውና ቁጭ አሉ። ከዚያም ልጃቸውን ቀና ብለው አይተው፣ በፍጹም ትሕትና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ዛሬ አልሆነልኝም። ነገ ጨርሼ አስረክብዎታለሁ» አሉት። የገዛ ልጃቸው ሥራ ያዘዛቸው ደንበኛ መስሏቸው ነው።

«በቃ!» አለ አናጢው ብድግ ብሎ። «አዋረድሻቸው! ትምህርትሽ ይህን ነው ያስተማረሽ?»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንግዲህ የማልወደውን ነገር መናገር ግድ ሆነብኝ።

«ተቀመጥ ልጄ» አልኩት። «ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት ሦስት ዓመት እንደታመመች ታውቃለህ። በሽታዋ ይኸው ነበር። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ትረሳ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። ትጠርጋለች፣ ልብስ ታሰጣለች፣ ባልዲ ታነሳለች። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሚስቴን አከብራለሁ። መጥረጊያውን ከእጇ ወሰድኩ። ባልዲውን ወሰድኩ። ተቀመጪ አልኳት። እየመላለሰች ትነሳ ነበር፤ እየመላለስኩ አስቀመጥኳት። በስምንት ወር ውስጥ ብቻዋን መቆም አቃታት። ከዚያ በኋላ የአልጋ ቁራኛ ሆና ነው የሞተችው። በሽታው ገደላት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። እግሯን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ይህን ተናግሬ ዳቦዬን አገላብጬ ማየት ጀመርኩ።

አናጢው ተቀመጠ። ቢሆንም ቶሎ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «የእርስዎ ባለቤት ሌላ ናቸው» አለ በዝግታ። «እኔ አባቴን ያስቀመጥኩት ተራ ቦታ አይደለም።»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገችና በአባቷ ሙያ መጣችበት። «አባዬ፣ ለምግብ ጠረጴዛ የምትሠራው ወንበር መቀመጫው ከመሬት ስንት ነው?»

«አርባ አምስት ሳንቲሜትር። ይህን የማያውቅ አናጢ አለ?»

«ለምን አርባ አምስት?»

«ሰው ጉልበቱ ተስተካክሎ እንዲቀመጥና እንዲነሳ ነዋ።»

«ይኼኛውስ?»

አናጢው ወንበሩን አየ። ኪሱ ውስጥ ሜትር ነበረው፤ ግን አላወጣውም። የገዛ እጁን ሥራ በልቡ ያውቀዋል። «ሠላሳ ሁለት» አለ። «ስፖንጁ ሲሟሽሽ ደግሞ ሃያ ስድስት ይሆናል። ጠልቀው እንዲያርፉ ብዬ ነው።»

«ወደ ኋላስ ያጋደልከው?»

«እንዳይወድቁ።»

«ከዚህ ወንበር አንተ እጅህን ሳትጠቀም መነሳት ትችላለህ?»

አባቱን አቅፎ አልጋው ላይ አስቀመጣቸውና ራሱ ተቀመጠበት። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ለመነሳት ሞከረ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በር የሚያህል ጣውላ ብቻውን ያነሳል። አልተነሳም። ሁለተኛ ሞከረ፣ አልቻለም። ከዚያ ወዲያ አልታገለም፤ እዚያው እንደሰመጠ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አስሬአቸው ነበር» አለ። «በገዛ እጄ፣ በምርጥ እንጨት።»

ከአልጋው ላይ ጋሽ ውሃልክ «መምህር፣ ዳቦ ገዙ?» አሉኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ልባቸውንም ግፊታቸውንም መርምሮ ፈቀደ፤ ሥራውም ተጀመረ። አናጢው የወንበሩን እግሮች በጣውላ አስረዝሞ፣ ስፖንጁን በጠንካራ ቀይሮ፣ መቀመጫውን አርባ ስምንት አደረሰው። ልጅቷ አሠራሩን አሳየችው፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ እረፍት እየተደረገ፤ ከወንበር ብድግ ቁጭ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ቆይቶ አሥር፤ የሥራ ጠረጴዛውን ይዞ በእግር ጣት ከፍ ማለት፤ የአሸዋውን ፕላስቲክ በሁለት እጅ እስከ ትከሻ ማንሳት። ሲቀላቸው አሸዋው ይጨመራል። ከጎን ሰው ይቆማል፤ ደረቴን ካሉ ወይም ካዞራቸው ሥራው ወዲያው ይቋረጣል። ይህን ሁሉ አስተምራ ፈቃዷ አለቀና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም እሷም አላሰብነውም ነበር። ጋሽ ውሃልክ ጡንቻቸው እየለመደ ሲሄድ ሐሳባቸው ግን መልመዱን ይረሳዋል። በየጊዜው «እኔ ይህን ሠርቼ አላውቅም፤ ምን ሊጠቅመኝ?» ይላሉ። ስለዚህ ልጃቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳቸዋል። ስለ ደሙ፣ ስለ ጡንቻው፣ ስለ አእምሮው፣ ልጁ ያለችውን ሁሉ እንዳለ ይደግመዋል። እሳቸው ደግሞ እሱ ያን ቀን የተከራከረውን ይከራከሩታል። «የታመመው ጭንቅላቴ ከሆነ እግሬ ምን አጠፋ?» ሲሉት ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ሰምቼ ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ። ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሌላውን እያሳመነ ራሱ ተጠራጣሪ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ጎረቤት «ሽማግሌውን ምን እያደረግህ ነው?» ሲለው፣ «እያከበርኳቸው ነው» ብሎ መመለስ ጀመረ።

ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም። በስድስተኛው ሳምንት መደገፊያውን ይዘው ብቻቸውን ተነሱ። በሦስተኛው ወር በሰው ክንድ እስከ ሥራ ቤቱ ደረሱ። ሌሊት የሚያነቃቸው ቀነሰ፤ ምግብ ይጠይቁ ጀመር። አንዳንድ ቀን ጠዋት የተነገራቸውን ከሰዓት ያስታውሳሉ፤ ስለ ዳቦዬም ከሁለት ጊዜ በላይ የማይጠይቁኝ ቀን አለ። እኔም ብሆን እንደነዚያ ያሉ የአሸዋ ፕላስቲኮች ለራሴ አስሞልቼ፣ በእነዚያው ቀኖች ከሳቸው ጎን ቆሜ አነሳለሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በቤትህ መርሳት የጀመረ አባት ወይም መርሳት የጀመረች እናት ካለች፣ ሐኪም አማክረህ፣ በልክና በጥንቃቄ ጡንቻቸውን አሠራው። አንድ ሰው ከወንበር በራሱ ሲነሳ መውደቁ ይቀንሳል፤ እንቅልፉ ይሻላል፤ አእምሮው ያለውን ይዞ የመቆየት ዕድል ያገኛል። መጥረጊያውን ከእጃቸው አትውሰድ። ሊያነሱ የሚችሉትን አታንሳላቸው። እኔ ይህን የምመክረው በባለቤቴ ላይ ያደረስኩትን እያሰብኩ ነው፤ ከዚህ ሌላ ለእሷ የማደርግላት ነገር የለኝምና።

በሽታው ቆመ ግን አላልኩም። ልጅቷም አልዋሸችንም።

በስምንተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከአናጢው ጋር ሥራ ቤቱ ውስጥ ሻይ እየጠጣን አንድ ቁም ሣጥን ስንተች፣ እሱ አባቱን ሊያይ ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ጮኸ። ወንበሩ ባዶ ነው። አልጋው ባዶ ነው። ወደ ጓሮ ሮጠ፤ እኔ ወደ ውጭው በር ሮጥኩ፣ ሩጫ ከተባለ። ተመልሼ ስመጣ አናጢው የሽንት ቤቱን በር እየደበደበ ነበር። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«አባባ! አባባ እዚያ ነዎት?»

«ማነው?» አለ ከውስጥ የተቆጣ ድምፅ።

«እኔ ነኝ! ልክፈት? ላግዝዎት?»

«ምኑን ነው የምታግዘኝ? ሰው እስኪጨርስ አይጠበቅም እንዴ? ሥርዓት የለህም!»

አናጢው እጁን ከበሩ ላይ አወረደ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ያ ጠብደል ሰውዬ፣ አለቀሰ። ውሃ ሲፈስ ተሰማ። መቀርቀሪያው ተከፈተና ጋሽ ውሃልክ አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ቀበቷቸው ላይ ሆኖ ወጡ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። እንዳላወቁት ከዓይናቸው ገባኝ። ቁጣቸው ግን ወዲያው ጠፋ።

«ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አሉት። «አባትህ ሞተ እንዴ?»

አናጢው እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«የለም» አለ። «ደህና ናቸው። አሁን በእግራቸው ይሄዳሉ።»

«እሰይ። እግዜር ያቆይልህ» አሉት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «ሰላም በልልኝ።»

ከዚያም በመተላለፊያው፣ ማንም ሳይይዛቸው፣ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።